ውርጭ የነካው ብልቃጥ፦ የዶክተር ባስልዮስ ኃይለ ኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ባስልዮስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ማዕረግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ አወቀ በግሼ፣ ራቤል፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ሳይደግሙ ዘመናዊ ትምህርት አማራቸው፤ መሐል ሜዳ ገብተው ሳይረጉ ደብረ ብርሃን ተሻገሩ። በ1974 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቁ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሃንጋሪ ተቀበሉ።

በ1982 ዓ.ም. ወይዘሮ አመተሥላሴ ይሥሐቅን በቅዱስ ቁርባን አግብተው ምስክርንና ሲናን ወልደዋል። በአራት አገር ዘጠኝ ቤት ቀይረዋል። ወይዘሮ አመተሥላሴ፣ «መጋረጃ መስቀል የተውኩት በአምስተኛው ነው» ይላሉ።

ሙያቸው አሚኖ አሲዶችን አያይዞ ፔፕታይድ መሥራት ነበር። ከእነዚህ አንዱ በደም ሥር ሲሰጥ፣ በአንጎል ሥር ያለችውን ዕጢ የዕድገት ሆርሞን እንድትለቅ ይቀሰቅሳል። ከዚያ በሚቀዳው ደም ሆርሞኑ ከጨመረ ዕጢዋ ጤነኛ ናት። ዶክተር ባስልዮስ በ2003 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከአንድ የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆነው ቁመታቸው የዘገየ የመንዝ ልጆችን በዚሁ መመርመር ጀመሩ።

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መሐል ሜዳ ላይ መብራት ጠፋ። የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ሲቆም፣ ዶክተር ባስልዮስ የመንዝ ልጅ ናቸውና ብርዱን አመኑት፤ የተበጠበጠውን መድኃኒት ከነብልቃጡ በመስኮቱ ደፍ ላይ በውጭ አሳደሩት። ውርጭ አድሮበት በረዶ ሆነ። ጠዋት ቀልጦ ኩልል ብሎ ስላዩት፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷን የቀየት መንደር ልጅ ሰርካለምን መረመሩበት። ሆርሞኑ አልጨመረም። ለእናቷ ለወይዘሮ ተሾመች ዕጢዋ እንደማይሠራ፣ ዕድሜ ልኳን መርፌ እንደሚያስፈልጋት ነገሯቸው። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ትምህርቷን ተወች።

ዶክተር ባስልዮስ ግን ውርጭ ያደረበት ብልቃጥ ትዝ እያላቸው እንቅልፍ አጡ። ሁለት ወር በቤታቸው ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጡ። በመጨረሻ ከዚያው ብልቃጥ የተረፈውን በራሳቸው ላይ ሞከሩት፤ ሆርሞናቸው አልጨመረም። ውርጭ ያልነካውን አዲሱን ሲሞክሩ ሆርሞኑ ከፍ አለ። ያን ዕለት በተነሣው የመጀመሪያ መኪና ወደ ቀየት ሄዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመናን ሳይበተኑ፣ መድኃኒቱን ያበላሹት እርሳቸው እንደሆኑ ቆመው ተናገሩ።

ወይዘሮ ተሾመች፣ «ታዲያ ልጄ ደኅና ልትሆን ትችላለች ማለት ነው?» አሏቸው። «ልትሆን ትችላለች፣ እመቤቴ። እንደገና ልመርምራት።» «ይመርምሯት እንጂ! ይህን ሊሉ ነው ወይ እንዲህ የገረጡት?»

ሁለተኛው ምርመራ ዕጢዋ ጤነኛ መሆኗን አሳየ፤ ዕድገቷ ዘገየ እንጂ አልቆመም ነበር። ሰርካለም ወደ ትምህርቷ ተመልሳ ዛሬ መምህርት ናት፤ ቁመቷም ከዶክተሩ በጣት ይበልጥ ነበር።

ዶክተር ባስልዮስ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው በሕይወት አሉ።

በሕመማቸው ወቅት ይህን ታሪክ እንድትጽፍ እህታቸውን ሲያዝዙ፣ የውርጩ ነገር ካልገባበት በአስከሬናቸው ፊት እንዳይነበብ አስምለዋታል። እነሆ፣ በሰርካለም ፈቃድ ተጽፎ በፊታቸው ተነብቧል። ስሕተቱን አምኖ ለሚመለስ ምሕረቱ የማያልቅበት አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያኑርልን።