ጋቢና የሚቀመጠው ሰው

ረቡዕ

ጎማ አይዋሽም። ዛሬ ጠዋት ደሳለኝ ሻንጣ ሲጭን ጎንበስ ብዬ የፊት ጎማዎቹን አየሁ። የውጭ ጠርዛቸው ተበልቷል። "አሁን ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" ብሎ በእናታችን ስም የማለልኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ጎማ እንዲህ ከጎን አያልቅም፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ጎማ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ጉዞ በጠብ አይጀመርም።

ደሳለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አለው። ከገና በኋላ ከደጀን በታች፣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ኩርባ ስቶ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀረው። ሚስቱ የሺ ሕፃኗን አዝላ ይጁቤ አባቷ ቤት ገባች። "ወይ መኪናው፣ ወይ እኔ" አለች። ለሽምግልና የሄድኩት እኔ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ። አባቷ መሪጌታ ስሜነህ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ልጄን ለመበለትነት አልዳርኳትም፤ ይሽጠውና ይምጣ" አሉኝ። የፊታችን ማክሰኞ ቁርጡን ላመጣላቸው ቃል ገብቻለሁ።

ኬንያ የሚደረገውን ዝነኛ የመኪና ውድድር እንሂድና እንይ ብዬ የመኪና ማኅበራችንን ያነሣሣሁትም እኔ ነኝ። ሐሳቤ የነጋዴ ሐሳብ ነው። ከሩቅ የሚያምር እቃ ቀርበው ሲያገላብጡት ጉዱ ይታያል። ደሳለኝም ዋናውን ውድድር በዓይኑ ይየው፤ የተገለበጠውን፣ የተሰበረውን ይየው፤ ይበርድለታል።

በእሱ መኪና አልሄድኩም፤ እምቢ አልኩ። በጋሽ አዳሙ ቮልስ ነው የመጣሁት። ጋሽ አዳሙ የማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። እስከ አዲስ አበባ ፊት ፊት እየመሩ ማንንም አላሳለፉም። ደሳለኝ ከኋላችን ሲቁነጠነጥ ዋለ።

ሐሙስ

የመኪና ማኅበር በአውሮፕላን ሄደ። መኪኖቹን በሞያሌ ለማሻገር ፈቃድ ስላላገኘን አዲስ አበባ የአክስታችን ግቢ አቆምናቸው። ስማችን "የስፖርት መኪና ማኅበር" ይሁን እንጂ ከሰባት አባላት የስፖርት መኪና ያለው ደሳለኝ ብቻ ነው። "የቀረነው የስፖርት ልብ ነው ያለን" ይላሉ ጋሽ አዳሙ። ከሰባቱም የመጣነው ሦስት ነን።

ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ መሪው በቀኝ። ጋሽ አዳሙ ከአውሮፕላን ማረፊያው በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ በግራ በኩል ጋቢና ተቀመጡ። መሪ የለ፣ ፔዳል የለ፣ መንገዱን ሙሉ ወለሉን ሲረግጡ ደረስን። "ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?" አልኳቸው። "ፍሬን ነዋ! ይሄ ሰውዬ ካልያዘ እኔ ልያዝ እንጂ!"

ውድድሩ ካለባት፣ ሐይቅ ዳር ካለች ከተማ ስንደርስ ርቦናል። ጾም ነው። ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አንበላም ስንላት አስተናጋጇ አዘነችልን፤ ታመናል ብላ ነው። ባቄላና ጠጣር የበቆሎ ገንፎ አመጣችልን። ጋሽ አዳሙ መሃሉን በማንኪያ ፈልገው ፈልገው፣ "ቅቤ የለውም። ጾም መሆኑን ገንፎውም ያውቃል" አሉ።

ዓርብ

መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል። ከዚያ አቧራው። መኪናው የሚታየው ከሁለቱም በኋላ ነው፤ አየሁት ስትል የለም። አፋችን አቧራ ብቻ ሆነ።

ጋሽ አዳሙ መኪናው ውስጥ ሁለት ራስ አዩ። "ይሄ ደግሞ ረዳት ጭኖ ይወዳደራል እንዴ? አይከብደውም?"

"ረዳት አይደለም ጋሼ፤ መንገድ የሚያነብለት ነው" አለ ደሳለኝ።

"መንገዱ ፊቱ ተዘርግቶ ምን ያነብለታል?"

"ኩርባውን ሳይደርስበት ይነግረዋል።"

"እሱ ዓይን የለውም?"

"በዚያ ፍጥነት ዓይን አይበቃም።"

ከሰዓት በኋላ አንዱ ከፊታችን ተገለበጠ። ሁለቱም በመስኮት ወጥተው እጃቸውን አነሡ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ደሳለኝም አጨበጨበ። "አየሽ እታለም፣ ምንም አልሆኑም!"

የተገለበጠው የእኔ ሐሳብ ነው። ገዢውን ያስጠላዋል ብዬ ያወጣሁት እቃ ይበልጥ አማረው። ለመሪጌታ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ቅዳሜ

መኪኖቹ የሚጠገኑበት ሜዳ ገባን። እኔ ጎማ ሳይ ዋልኩ። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ጣቴን አስገብቼ ጥርሱን ስለካ።

እዚያ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጎማ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች። ፀጉሯ ሸብቷል። መንገድ አንባቢ ናት። ሹፌሯ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ ነው፤ አጠገቧ ቆሞ ውኃ ይዞላታል። ደሳለኝ በእንግሊዝኛ አዋራት፤ ስለ ሞተር፣ ስለ ማርሽ። ሲበቃኝ፣ "ቀስ ስትዪው ባይሰማሽስ በላት" አልኩት።

ቆይቶ ጠየቃት። እሷም እኔን እያየች ነው የመለሰችው። ሲተረጉምልኝ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"አንድ ጊዜ አልሰማኝም አለች። በማግስቱ መኪናው ውስጥ አልገባሁለትም። ብቻውን ደግሞ አያስነዱትም። ሁሉም ሲሄድ እሱ ቆሞ ዋለ አለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወዲህ ይሰማል አለች።"

ስንመለስ ጋሽ አዳሙ፣ "ረዳት ማክበር ልንማር ነው እንዴ ኬንያ ድረስ የመጣነው?" አሉ። እኔ ብቻ ሳቅሁ።

እሑድ

አውሮፕላን ውስጥ ጠየቅሁት። "ትሸጠዋለህ?"

"አልሸጠውም።"

"ለመሪጌታ ምን ልበላቸው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እታለም።"

ከዚያ በኋላ የተኛ መሰለ። አልተኛም፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ መሪ ያዞራሉ።

ሰኞ

ጎሐ ጽዮን ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ጋሽ አዳሙ ቮልሳቸውን ሊያበርዱ ቆሙ። ደሳለኝ አጠገባችን አቁሞ በሩን ከፈተ። "ነይ፣ ጋቢና ግቢ።"

"መሞት አማረህ?"

"አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ ልስማ።"

ይህን መንገድ ጎማ በከባድ መኪና ጭኜ ስመላለስ ነው የኖርኩት። ገባሁ። ቀበቶውን ሁለት ጊዜ አጠበቅሁ። "ግራ፣ ጠባብ። ቀስ። አሸዋ አለው። አሁን ቀኝ፣ ረጅም።" ሁለተኛው ኩርባ ላይ ቀስ ስለው ፍሬን ለመያዝ ዘገየ፤ ጎማው ጮኸ።

"አቁም" አልኩት። አቆመ። ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ዝንጀሮዎቹ የሚበላ መስሏቸው ከበቡኝ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ቀስ ስልህ ቀስ አላልክም።"

"ትንሽ ነው እኮ ያለፍኩት!"

"እንግዲያው ትንሽ ልቆይ።"

ጋሽ አዳሙ ቮልሳቸውን እያስነጠሱ ደረሱብን፣ አለፉንም። "ሻምፒዮን!" ብለው በመስኮት ጮኹ። ደሳለኝ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሲስቅ ነው የመሰለኝ፤ ቀና ሲል ግን ዓይኑ ቀልቷል። "ግቢ እታለም። እሰማለሁ።"

ከዚያ እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩም ሽቅብ እስከ ደጀን አንድ ቃል አላመለጠውም። ቀስ ስለው እግሩ ከአፌ ይቀድም ነበር።

ለራሴ ብቻ ልጻፈው። ደስ አለኝ። ከደጀን ወዲያ ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ማንም በሌለበት፣ "አሁን ልቀቀው" ያልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ይጁቤ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ኩርባውን እየጠራሁለት መጣን። መሪጌታ ደጃቸው ላይ በርጩማ ሰጡኝ። ደሳለኝ መኪናው አጠገብ ቀረ፤ ግባ አልተባለም።

"አልሸጠም" አልኳቸው። እሳቸው ቁርጥ ነገር ይወዳሉ።

"ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ ወይዘሮ ጥሩወርቅ?"

"ቢሸጠው ሌላ ይገዛል መሪጌታ፤ ነጋዴ ነኝ፣ ገዢ አውቃለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል። ቀስ የሚለው ሰው አጠገቡ ካልተቀመጠ አይነዳም። ይሰማል፤ ዓባይ በረሃ ላይ አይቼዋለሁ።"

"ሰውየውስ ማነው? አንቺ ሱቅሽን ዘግተሽ?"

ይህን አላሰብኩበትም። ሌላውን ሁሉ አስቤ ይህን አላሰብኩበትም።

የሺ ከበሩ ጀርባ ሆና ስትሰማ ኖሯል። ወጥታ ሕፃኗን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠች። እቃዋን አልያዘችም፤ ነጠላዋን ብቻ።

"የሺ!" አሉ አባቷ።

"የዳሩኝ ለእሱ ነው አባባ። ልየውና እኔው ልቁረጥ።" ወደ ደሳለኝ ዞረች። "እስከ ወንዙ ድረስ። ቀስ ብዬህ ካልሰማኸኝ በእግሬ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ አታየኝም።"

ደሳለኝ በሩን ከፈተላት።

ይህን የምጽፈው እዚያው ደጅ ላይ፣ በአንድ እጄ ነው። ሕፃኗ ክንዴ ላይ ተኝታለች። የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ሲደርሱ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ።

"ቀነሰ" አሉ መሪጌታ፣ ሳያዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ አይሰማም። ጉብታው ከልሎታል። የሺ በእግሯ ስትመጣ አላየንም፤ መኪናውም አልተመለሰም። ፀሐዩ በርትቷል፤ መሪጌታ ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ቆመዋል፤ ወደ ጥላው አልገቡም።