በሰይሃት ጭቃ ውስጥ ያሉት

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሰይሃት ባሕር ዳርቻ ለጥናት ዋልኩ። ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ አየሁና ቆፈርኩ… የጭቃ ዛጎል! አውራ ጣቴን የምታህል። ፊቴ ላይ ውሃ ረጨችብኝ። ጋሽ ከፈለኝ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሳቀ። «ሰላም እያለችሽ ነው!» የላቦራቶሪያችን አንጋፋ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ዳማም ኖሮ ቦቲ ማጥለቅ አይወድም።

ዛጎሏ ራስ የላትም። አንድ እግር ብቻ፣ ምላስ የመሰለ። በሱ ጭቃውን ሰርስራ ትገባለች። በአንዱ ቱቦ ውሃ ትስባለች፣ በመተንፈሻ ስንጥቧ አጣርታ ምግቧን ታስቀራለች፣ በሌላው ታስወጣለች። ማንም ሳያያት። ቀንድ አውጣና ኦክቶፐስ ዘመዶቿ ናቸው… ማን ያምናል?

በአንድ ካሬ ሜትር ሠላሳ ስድስት ሕያው። መዘገብኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዳማም፣ አል አዳማ፣ ቢሮ። የሰይሃቱ ሪፖርት ተዘጋጅቷል። «ሕያው፦ የለም። ባዶ ዛጎል ብቻ።» ከሥሩ የኔ ስም! ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

አለቃዬ ኸጣብ ጋ ገባሁ። «እኔም ሄጄ አይቻለሁ፤ ሕያው ነገር የለም፣ ማፊ» አለኝ። መቼ ሄድክ? «ከሰዓት።» ከሰዓት! ባሕሩ ሞልቶ ሳለ። ማዕበል የጣለውን ባዶ ቅርፊት ከዳር ለቅሞ ተመለሰ። አለማወቅ ነው? ወይስ ጥናቱን ያዘዘን ደንበኛ ዳርቻውን በአፈር ሊሞላ ስለፈለገ?

«ፈርሚ፣ ኸላስ።»

«አልፈርምም።»

«ካፊልሽ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ስፖንሰሬ ድርጅቱ ነው። አውቃለሁ።

ጋሽ ከፈለኝ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ሙኒት እህቴ፣ ለጭቃ ብለሽ ኢቃማሽን ልታጪ?» የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቱ ነው።

አራት ዓመት ባዮሎጂ የተማርኩት ስሜን ለውሸት ላውስ ነው?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ኾበር፣ የደንበኛው ቢሮ፣ ስብሰባ። ሁለት የመስታወት ገንዳ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱም በጭቃ የደፈረሰ የባሕር ውሃ፤ በአንዱ አሥራ ሁለት ዛጎሎች። ውሃውን ሲያጠሩት በዓይናቸው ይዩ ብዬ።

ኤሲው እንደ በረዶ። መኪናው አንገጫግጯቸዋል። ጥርቅም ብለው ተዘጉ። አርባ ደቂቃ… ምንም።

«ዶክቶራ፣ ታካሚዎችሽ ሞተዋል» አለ ኸጣብ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ነደደ።

ሲደነግጡ እንደሚዘጉ እያወቅሁ ለምን ቸኮልኩ? ገንዳዎቹን ጥዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዘሐራ ደወለች። የደንበኛው መሐንዲስ ናት፤ ትናንት ያልሳቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ማታ ኤሲውን አጥፍታ ሄዳ ነበር። «ጠዋት ስመጣ በአንደኛው ገንዳ ውስጥ አሻግሬ መስኮቱን አየሁት።»

«ሌላውስ?»

«ሻይ በወተት።» ሳቅን። «ሀቢብቲ፣ ባዶ ቅርፊት ውሃ አያጠራም። ሄደን እንቆፍር።»

ከፍተዋል! ሰው ሲሄድላቸው፣ ሲሞቃቸው… ከፍተው ሥራቸውን ሠርተዋል። ኩራታቸው ደስ ሲል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ባሕሩ ሲሸሽ ሰይሃት ደረስን። ኸጣብ በሚያብረቀርቅ ጫማው ዳር ቆመ። ዘሐራ አባያዋን ሰብስባ ገባች። ጋሽ ከፈለኝም… ቦቲ አጠለቀ! ወንፊቱን ተቀብሎኝ ጮክ ብሎ ቆጠረ። አርባ አንድ። ሁሉም ሕያው።

ዘሐራ ምን እንደሚጠቅሙ ጠየቀች፣ ነገርኳት። እየሰረሰሩ ጭቃውን አየር ያስገቡለታል። ሸርጣኑ፣ ዓሣው፣ ከሩቅ የሚመጣው ወፍ ይበላቸዋል። ባሕሩ በነሱ ስንጥብ ያልፋል፣ ይጠራል። እነሱ ከተቀበሩ ብዙ ነገር አብሯቸው ይቀበራል። ያለ ራስ፣ ያለ አለቃ፣ ይህን ሁሉ!

«ወላሂ፣ እዚሁ ሰይሃት ተወልጄ አላውቅም ነበር» አለች።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ሪፖርቱ ታርሞ ወጣ። «ሕያው» ይላል። ፈረምኩ። አፈር መሙላቱ ቆሟል፣ እንደገና እስኪጠና። ለዘላለም? አላውቅም።

ውሌ አይታደስም። ጥር ላይ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ወደ አገር። ኸጣብ ላቦራቶሪው መሐል ቆሞ ነው የነገረኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ። አንገቴን አልደፋሁም።

«ሲጠናስ ማን ይቆጥራል?» አልኩት።

«ሙሽኪላ የለም። ባዶ ነው የሚል ሰው አላጣም።»

ጋሽ ከፈለኝ ወንፊት እያጠበ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

«እኔ እቆጥራለሁ» አለ።