ከምልክቱ በላይ የቆመ ዘይት

ሐሙስ፣ መጋቢት 9
ከጋራዡ

ለልጄ፣

ስደውልልሽ «እናቴን ስጠኝ» ስለምትይኝ ወደ ወረቀት ዞርኩ። ወረቀት «እናቴን ስጠኝ» አይልም። እናትሽ ደህና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። የማድቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን አቁሟል። ባትሪ ሠሪው ጎረቤታችን ልጁን ድሮ እስካሁን ድካሙ አልወጣለትም። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን በዚያ ከጀመርኩ ሌላውንም መዋሸቴ አይቀርም።

የምጽፍልሽ አጎትሽ ዳቦ ሊያከፋፍልበት ስለገዛው፣ ስለዚያ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ነው። ባለፈው ወር ሞተሩ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከኋላው ዳቦ እንደጫነ። በጭነት መኪና አስጎትቶ ሲያመጣው እኔ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይቱ እንደ ውሃ ቀጥኗል፤ ከላይኛው ምልክትም ሁለት ጣት አልፏል። አንቺ ያልሽው ነው፣ ቃል በቃል አንቺ ያልሽው።

ያን ዕለት እንዳልረሳሽው አውቃለሁ፤ ግን እኔም በራሴ እጅ ልጻፈው። ለዕረፍት መጥተሽ ነበር። ባለመኪናው፣ ያ ክራባቱን የማያወልቅ የቢሮ ሰው፣ መኪናውን ግቢው መሀል አቁሞታል። አጎትሽ ገና ሳይገዛው በመዳፉ ጣሪያውን ያብሳል። እኔ ሞተሩን አስነስቼ እንደ ልማዴ ጆሮዬን ሰጠሁት፤ ሰፈሩ «ጆሮው» ብሎ የሚጠራኝ በከንቱ አይደለማ! ድምፁ ሸጋ ነበር። «ግዛው» ልል አፌን ስከፍት አንቺ ሞተሩን አጠፋሽ። ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጠብቀሽ መለኪያውን መዘዝሽ፣ ጠረግሽ፣ መልሰሽ ከተትሽ፣ እንደገና መዘዝሽ።

«አባዬ፣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል» አልሽኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

«ጥጋብ ነዋ!» አልኩ ጮክ ብዬ። የጋራዣችን ቀለም ቀቢ ሳቀ።

አንቺ አልሳቅሽም። ወደ ባለመኪናው ዞረሽ በመኪናው ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ ጠየቅሽው። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው አለ።

«እንግዲያው የጭስ ማጣሪያው ታፍኗል» አልሽ። «ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ የሚያቃጥለው መኪናው ረጅም መንገድ ሄዶ በደንብ ሲግል ነው። በአጭር በአጭር መንገድ ማቃጠሉን ይጀምርና ሳይጨርስ ይጠፋል። ሞተሩ ለማቃጠያ ብሎ የጨመረው ናፍጣ ደግሞ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ የበዛው ለዚህ ነው። እስቲ አሽትተው፣ አባዬ።»

መለኪያውን ተቀብዬሽ ዘይቱን በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግሁና አሸተትኩት።

«የናፍጣ መኪና ምን ምን እንዲሸትልሽ ነው የፈለግሽው፣ ሽቶ?»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቁ ጣፈጠኝና ቀጠልኩ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘይት ጎድሎበት የታመመ መኪና አይቻለሁ፤ ተርፎት የታመመ ግን አላየሁም። ይልቅ ካለ ኮምፒውተር የማይገባሽን ሞተር ለእኛ ላልተማርነው ተዪልን» አልኩሽ። እጅሽን ጠረግሽ። ጨርቁን አጥፈሽ ባትሪው ላይ አኖርሽ። ምሳ እንኳ ሳትቀምሺ በከሰዓቱ አውቶቡስ ሄድሽ። አጎትሽ መኪናውን ገዛ።

እንግዲህ ወደዚያ ተጎትቶ ወደመጣበት ቀን ልመለስ። ያን ቀጭን ዘይት እያየሁ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ዘይቱን መቼ ነው ያየኸው?» አልኩት።

«እውነቱን ልንገርህ ጋሼ፣ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ!»

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ መጨመርም አላስፈለገኝም። ቀለም ቀቢው ከንፈሩን መጠጠ። እናትሽ ስትሰማ ወንድሟን ቤት አስጠርታ ልክ ልኩን ነገረችው፤ ዘይት ማየት እንኳ የሚያቅተው ሰው መኪና ምን ያደርግለታል እያለች። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር።

አሁን ዳቦውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ያደርሳል። ያን ዳገት በጋሪ! ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ወገቡን ይዞ ሲያርፍ ከጋራዡ በር ይታየኛል። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ማምጣቱ ነው። «በእኔ ዝርክርክነት አንተንም ሥራ አስፈታሁህ፣ ጋሼ፣ ይቅርታ» ይለኛል። ይቅርታ የሚጠይቀኝ እሱ ነው፣ ልጄ። እኔም ተቀብዬ «ግድ የለም» እላለሁ። ይህን ማለቴን ሳስበው ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴ ይነድዳል።

ሰኞ ዕለት አላስችል አለኝና ጠራሁት። ሞተሩ ተፈታትቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አልኩት። «ዘይቱን በየቀኑ ብታየው እንኳ ሞልቷል ብለህ ደስ ይልህ ነበር። ልጄ ልክ ነበረች፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እጄ ሁልጊዜ ናፍጣ ስለሚሸት ሽታውን አልለየሁትም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ በወደድኩ።

«እሷ እኮ ያኔውኑ ከአውቶቡስ ውስጥ ደውላልኝ ነበር» አለኝ። «አጎቴ አትግዛው ብላ ለመነችኝ። አባትሽ አይቶታል፣ አለቀ ያልኳት እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ያላሳሳትከኝን ሰው በምን ልጠርጥርህ? ሰው አይደለህ፣ ጋሼ? ትሳሳታለህ። በቃ ተወው።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ ጋሪው ሄደ።

መደወልሽን አላውቅም ነበር። ለእናትሽም አልነገርሻት። ሞተሩ ከሞተም በኋላ «ብዬ ነበር» አላልሽም። እኔ ብሆን ኖሮ ለሰፈሩ ሁሉ በነጋሪት አስነግር ነበር።

እዚህ ጋ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሬ ተመለስኩ። ተሳሳትኩ ያልኩት ውሸት ነው። ሽታውን ለይቼዋለሁ፣ ልጄ። ዘይቱ ጣቶቼ መሀል ሲያሟልጭ፣ ገና አፍንጫዬ ጋ ሳይደርስ አውቄዋለሁ። ስለ ማጣሪያው ያልሽው በሙሉ አልገባኝም ነበር፤ ዘይቱ ውስጥ ናፍጣ መግባቱን ግን ከአንቺ እኩል አውቄያለሁ። አንቺ ስታስረጂ ግን ሁሉም ፊቱን ከእኔ ወደ አንቺ አዙሮ ነበር። ባትሪ ሠሪው እንኳ፣ ያ ማንንም የማይሰማው፣ አንገቱን አስግጎ አንቺን ይሰማል። ሠላሳ ዓመት እኔን ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቀናሁብሽ። መለኪያ መምዘዝ ያስተማርኩሽ፣ ገና በዘጠኝ ዓመትሽ ቁልፍ በቁጥሩ እየለየሽ ስታቀብዪኝ ለሰው ሁሉ ያወራሁ እኔው፣ በገዛ ልጄ ቀናሁ። አንቺ ልክ ከምትሆኚ አጎትሽ የማይረባ መኪና ቢገዛ መረጥኩ። አፍሬያለሁ፤ በአንቺም በእሱም ፊት አፍሬያለሁ።

እሱ ይቅር ያለኝ ስህተቴን ነው። እኔ ደግሞ ስህተት አልሠራሁም። ማክሰኞና ትናንት ልነግረው ወደ በሩ ሄጄ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ተመለስኩ።

እናንተ ከተማ ከኋላ የተጋጨ አንድ መኪና ለሞተሩ ይሸጣል አሉ፣ ከነጭስ ማጣሪያው። አጎትሽ ቅዳሜ ሊያየው ይመጣል። «ከእሷ በቀር ማንም አያይልኝም» ብሏል፤ ልክ ነው። አደራሽን ዘይቱን እይለት። ማጣሪያውንም አስፈትተሽ ውስጡን በባትሪ አብርተሽ እይለት። ካላማረሽ አትግዛ በይው፤ ይሰማሻል።

ይህን ደብዳቤ የምልከው በእሱ እጅ ነው። ፖስታውን አላሸግኩትም። ሳቀብለው «መንገድ ላይ አንብበው፣ ለአንተም ነው የጻፍኩት» እለዋለሁ። ፊት ለፊት መናገር ያቃተው ሰው ያገኘው ዘዴ ይኸው ነው፤ በዚህም አፍራለሁ። ስለዚህ እሱ ራሱ ከሰጠሽ ሁሉንም አውቆ ነው ከፊትሽ የተቀመጠው። በአውቶቡሱ ሾፌር ወይም በሌላ ሰው እጅ ከደረሰሽም የእሱን መልስ አግኝተሻል ማለት ነው።

እጅሽ ይባረክ። የነካሽው ሞተር ሁሉ ይነሣልሽ፤ ቆመሽ የተናገርሽበት ግቢ ሁሉ ይስማሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ አጎትሽ ቢቆጣ እንዳታማልጂኝ። እኔም ያን ዕለት ለአንቺ አልቆምኩም።

አባትሽ