አባታችን ያልደረሰበት የአዮዋ አደን

ለውድ ወንድሜ ለአንሰልም፣

እንደምን ከርመሃል? ማርሊስስ እንዴት ናት? የልጅ ልጃችሁ ቴሳ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና ናት? ኔቫዳ ሙቀቱ ከአሁኑ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ፤ አንተ ደግሞ ከልጅነትህም ከበረዶ ይልቅ ሙቀት የሚያማርርህ ሰው ነህ። ከሁሉ በላይ ትከሻህ እንዴት ሆነ? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ክንድህን ከራስህ በላይ ማንሳት ቻልህ? እኛ ደህና ነን። ሎርና ጉልበቷን ያማታል፤ አትክልት ቦታዋን ግን ለማንም አታስነካም። በረዶው ሄዷል፣ ጭቃው ግን አለ።

ባለፈው ሳምንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋኸው ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ሰሞኑን የአባባን ዕቃ ቤት ሳጸዳ ያን የመንገድ ካርታ አገኘሁት። በእርሳስ ያሰመረው መስመር ከደጃችን ተነስቶ ኦሃዮን፣ ኢንዲያናን፣ ኢሊኖይን አቋርጦ ደቡብ አዮዋ ውስጥ የጦር ሠራዊት ጓደኛው እርሻ ላይ ይቆማል። መታጠፊያው ተበልቶ ኢሊኖይ ለሁለት ተከፍላለች። በረዶ በገባ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋውና፣ “የእነሱ አጋዘን በቆሎ እየበላ ያደገ ነው፤ የእኛው እኮ ቅርፊት እየላጠ ያደገ የድሃ ልጅ ነው” ይለን ነበር። ከዚያ ወይ የወረቀት ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ወይ እማማ ትታመማለች፤ “ለከርሞ ይሁን” ይልና ያጥፈዋል። የኦሃዮን ድንበር ሳይሻገር ሞተ።

የአደን ልብሳችንን ያለ ሳሙና አጥባ ከጥድ ቅጠል ጋር በርሜል ውስጥ የምትከተው እማማ ነበረች። አባባ አጋዘን ከሩቅ የሚያሸተው ጠረን እንዳይዘን ብሎ ጠዋት ሥጋ እንዳይጠበስ ይከለክል ነበር። እሷም፣ “ለአጋዘን ሲሆን ትታጠባላችሁ፣ ለቅዳሴ ሲሆን እንደ ፍየል ትሸታላችሁ” ብላ ቀዝቃዛ ገንፎ ታቀርብልናለች። ያ የጥድ ሽታ አሁንም በርሜሉ ውስጥ አለ። ክዳኑን ከፍቼ ጥቂት ቆየሁ።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ወደ ኔቫዳ ስትሄድ በአባባ ፈንታ እኛ አዮዋ እንሄዳለን፣ ከሌላ ግዛት የሚመጣ ሰው የአደን ፈቃድ የሚያገኘው በዕጣ ስለሆነ በየዓመቱ እያመለከትን ዕድላችንን ከፍ የሚያደርግ ነጥብ እናጠራቅማለን ተባባልን። እኔ አምስት አጠራቀምሁ። አንተም በየጁኑ ስጠይቅህ “ልኬያለሁ” ትለኝ ነበር። ለሁለታችን አንድ ላይ ላመልክት ብዬ ስደውል የአዮዋ የአደን ፈቃድ ቢሮ ሠራተኛዋ ሴት፣ “የወንድምህ ስም እዚህ የለም፤ አንድም ነጥብ የለውም” አለችኝ። አንተን ስጠይቅህ “ረሳሁት” አልህ። አንሰልም፣ የሠርግህን ቀን ብትረሳ አምን ነበር።

ማርሊስ ለሎርና ነግራታለች። ከምትሠራበት የማዕድን ማውጫ መሰላል ከወደቅህ ወዲህ ደጋን መሳብ አልቻልህም። እንደ ጠመንጃ ምላጭ ተስቦ የሚተኮሰውን ደጋን ልግዛልህ ብትልህም “ከዚያስ መጥረጊያ ይዤ ብሄድ ይሻለኛል” አልሃት አሉ። አንተን የሚመስል መልስ ነው።

ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያመለክት ነጥቡ ለሁለት ይካፈላል፤ ስለዚህ ሌላ ሦስት ዓመት መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ጥበቃው ባልከፋኝ። የአባባ ጓደኛ ልጅ ኤልደን ግን ዘንድሮ በቆሎዬን ከሰበሰብሁ በኋላ እርሻ ይበቃኛል፣ ከከርሞ ጀምሮ መሬቱን ለአዳኝ አስጎብኚዎች አከራያለሁ አለኝ። “አባትህ ሠላሳ ዓመት ‘መጣሁ’ እያለ ጽፎ አባቴን አልጋ ሲያስነጥፍ ኖረ። አንተም የሱ ዓይነት ነህ እንዴ?” አለና ሳቀብኝ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ትናንት ለብቻዬ አመለከትሁ። ሴትየዋ በአምስት ነጥብ ዕጣ ሳይወጣለት የሚቀር ሰው አይቼ አላውቅም ብላለች። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ ወንዶቹ አጋዘኖች ሴቶቹን ሲያሳድዱ እሄዳለሁ።

አሁን ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ። ባለፈው ኦክቶበር ከመካነ መቃብሩ ጀርባ ባለው ሸለቆ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን በሃያ እርምጃ ላይ መታሁ። ፍላጻው በአንዱ ጎኑ ገብቶ በዚያኛው ወጣ። እንስሳው ወደ ኦክ ዛፎቹ ሮጠ። ዓይኔን ታውቀዋለህ፣ ቀይ ቀለም አይለይም፤ የወደቀ ቅጠል ላይ ያለ ደም ለእኔ ቅጠል ነው። ልጆች ሳለን አንተ ጎንበስ ብለህ ከፊት ትሄዳለህ፣ እኔ ከኋላ የሽንት ቤት ወረቀት እየቀደድሁ ያገኘኸው ጠብታ ሁሉ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አባባም፣ “አንዱ ይመታል፣ አንዱ ያያል፤ ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ አዳኝ ወጣችሁ” ይል ነበር። በዚያ ቀን ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። ግን በዚህ ዕድሜዬ ደም አይታየኝም ማለት አሳፈረኝ። ሁለት ቀን ብቻዬን ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን ቁራዎች አሳዩኝ፤ ከተመለስሁበት ቦታ ስልሳ እርምጃ እንኳ አይሞላም። ሥጋው ተበላሽቶ ነበር። ለሎርና “ስቼው ነው” አልኋት። እንግዲህ በውሸት አንተን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

ስለዚህ ና። ደጋን አትያዝ፣ ፈቃድም አያስፈልግህም። ወደ አደን ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ አጎት ክሌትን “የሳንድዊች ዘበኛ” ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። ያንን ስም እኔ አላነሳብህም። ሌላው ቢያነሳብህ ደግሞ ደሙን ያገኘው ማን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ካልመጣህም እሄዳለሁ፤ የአደን ማማ ላይ ወጥቼ አጋዘኖቹ ሲያልፉ አያቸዋለሁ። ፍላጻ ግን አልለቅም። ከእንግዲህ በእኔ ዓይን የተነሳ አንድ እንስሳ ለቁራ አይተርፍም።

ማርሊስን ሳምልኝ። ልጃችሁን ጆአንንና ባሏን ሰላም በልልኝ፤ ቴሳን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርግልኝ። ሎርና ሁላችሁንም ሰላም ትላለች። ይህን ደብዳቤ ለማርሊስ ጮክ ብለህ አታንብብላት፤ ለሎርና ዕለቱኑ ትደውልላታለች። ወይም አንብብላት። ይወቁት።

ወንድምህ ኮንራድ

ኤልክ ካውንቲ፣ ፔንሲልቬኒያ
ሜይ 29 ቀን 2023