በገና የመሰላቸው ክራር

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 1977 ዓ.ም.

ይድረስ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ የእግሯ እብጠት ጎደለላት ወይ? ሁዳዴንስ በምን ይዛችሁታል? መቼም ዘንድሮ ጾምና ፍስክ የሚለየው በቄሱ አፍ ብቻ ነው። መድኃኔዓለም ጥላውን ይጣልባችሁ። እኔን ብትጠይቂኝ እበላለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደህና ሰው ፊቱን ለሰው ያሳያል፤ እኔ ሰሞኑን በጓሮ በኩል መውጣት ጀምሬያለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አያ አሻግሬ ቅዳሜ መካነ ሰላም ገበያ እንደወጣ ቀረብኝ፣ አይተኸው እንደሆን ንገረኝ፣ ልጆቹ አባታችን የት ሄደ እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ ብለሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያመጣልኝ ሰው መልስ ልውሰድ ብሎ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ሥራ ይዣለሁ ብዬ ባዶ እጁን መለስኩት። ምንም ሥራ አልነበረኝም። ባልሽን አይቼዋለሁ እታለም። ሳየው በእግሩ የቆመ፣ ጤነኛ ነበር፣ አብሽሪ። እንዴት እንዳየሁት ለመናገር ግን ከሩቅ መጀመር አለብኝ። በቀጥታ ልጽፈው ሞክሬ ወረቀት አበላሸሁ።

መጀመሪያ ውሸቴን ላፍርስ። ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ ያልኩሽ ሐሰት ነው። የምልክልሽ ስንዴ የኪነት ስንዴ ነው። አዎ፣ ያ ካኪ ለብሶ ከበሮ እየደለቀ በየገበያው የሚጨፍረው የመንግሥት ኪነት። እኔ ደግሞ ክራር መቺያቸው ነኝ። የመሪጌታ ልጅ፣ ያውም ዲያቆን፣ ክራር! አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቢሰማ መቋሚያውን ይዞ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር። ለዚያ ከወረሂመኖ ለመጣ አዝማሪ ቂጣ ቆርሰሽ ብትሰጪው ሳምንት ሙሉ እንዳኮረፈሽ ታስታውሻለሽ አይደል? አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ማለት ይኸው እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው በረሃብ ነው። ኅዳር ላይ እዚህ ስገባ የሚቀጥረኝ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያኑም ለራሱ ካህናት የሚያቀምሰው አልነበረውም። የኪነቱ ክራር መቺ ብዙነህ የሚባል ለውትድርና ተወስዶ ቦታው ባዶ ሆኖ ኖሯል፤ ኃላፊው ጠርቶ ምን ታውቃለህ አለኝ። ዜማ አልኩት። ሳቀብኝና፣ ዜማ ያወቀ ክራር አያቅተውም፣ እንጨትና ቆዳ ነው ብሎ ያንን ነገር ታቅፌ እንድሄድ ሰጠኝ። እስኪለምድህ ስንዴው አይቋረጥም አለኝ። ስንዴ ሲል አንቺና ልጆቹ በዓይኔ መጣችሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ታቀፍኩት።

እታለም፣ ክራር ሲያዩት ቀላል ነው። ስድስት አውታር ብቻ ነው፤ ጣት ደግሞ አስር አለን። ግን አንዱም ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ግራ እጅ ከኋላ ገብቶ አውታሩን እየነካ ማፈን አለበት፤ ቀኙ ከፊት ይገርፋል። እኔ ቀኙን ሳስብ ግራው ይረሳል፣ ግራውን ሳስብ ቀኙ በአየር ላይ ይቀራል። የጣቴ ጫፍ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ቋጠረ። አንዱ አውታር ተበጥሶ ጉንጬን ገረፈኝና ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ እሾህ ነው እል ነበር። የሚያስተምረኝ የለም። ልጠይቅ ብል ማንን? አዝማሪዎቹ ቀድመው ተሰደዋል፤ ደግሞም ዲያቆን ክራር አስተምሩኝ ብሎ በየመንደሩ አይዞርም።

መቃኘቱ ነው ከሁሉ ያቃተኝ። የትኛው ይጥበቅ፣ የትኛው ይላላ? ዘፈን አላውቅም። ዘፈን ባለፈበት እንኳ እንዳናልፍ ነው ያደግነው። ስለዚህ የማውቀውን አመጣሁ። አባታችን በመቋሚያው ጫፍ ትከሻዬን እየመታ ያስጠናኝን ዕዝሉን፣ አራራዩን በአፌ እያንጎራጎርኩ አውታሩን ከድምፄ እስኪገጥም አጠበቅሁት። ገጠመ! መግረፉ አሁንም ስላልሆነልኝ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደሚፈራ ሰው ነካሁት። አውታሩ የሚያርፍበት እንጨት ደግሞ ተበልቶ ኖሮ ጅማቱ ቆዳው ላይ ይተኛብኝ ነበር። ከአሮጌ ቀበቶዬ ቁራጭ ቁራጭ ቆዳ ቆርጬ ከየአውታሩ ሥር ሸጎጥኩ። ያኔ ያጉረመርም ጀመር፤ እንደ ንብ ቀፎ። የባሰ አበላሸሁት ብዬ ደንግጬ ነበር፣ በኋላ ግን ድምፁ የበገና ድምፅ መምሰሉ ገባኝ።

እውነቱን ልንገርሽና ታዘቢኝ፤ ደስ አለኝ። በየመንገዱ ሰው እየወደቀ፣ እኔ አንድ ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልሰናከል ስላወጣሁ ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ሆድ አለኝ።

እማማ በለጡ የምትባል ባልቴት ናት ያስጠጋችኝ። እኔ ጓዳ ዘግቼ፣ ክራሩን ነጠላ ውስጥ ሸፍኜ ነው የምለማመደው፤ እሷ አይታው አታውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት ጨርሼ ስወጣ በሩ ላይ እጇን አጣምራ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች። በገና ትደረድራለህና ምነው ደበቅኸኝ፣ በሁዳዴ ቤቴን የዳዊት በገና አስገባህልኝ፣ እግዜር ይባርክህ ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

እታለም፣ የአንድ ቃል ነገር እኮ ነበር። ኧረ እማማ፣ ክራር ነው ማለት። አፈርኩ። የመሪጌታ ልጅ ክራር ያዘ ከምትለኝ በገና ነው ብትል ይሻለኛል አልኩና አሜን አልኳት። አሜን!

እሷ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሰው አወራች። እሑድ ስሄድ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሱልኝ። አባቱን ወጣ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩት፤ የልብ ልብ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ሰው ከእማማ በለጡ አጥር ሥር እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። የሚበላ የላቸውም፤ በገና ሰምተን እንጽናና ብለው ነው። እኔ ዘግቼ እደረድራለሁ፣ እነሱ በአጥሩ ማዶ ያለቅሳሉ። ወጥቼ ላሳያቸው በቀን በቀን አስባለሁ፣ በቀን በቀን ይከብደኛል።

ኪነቱ ዘንድ ግን መሳቂያ ነበርኩ። መዝሙራቸውን ስጫወት ቀስ እያለ ለቅሶ ይመስላል፤ ኃላፊው ሙሾ ነው እንዴ የምታወርደው እያለ ሲያበሽቀኝ ከረመ። አንድ ቀን ግን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ እነዚያን ሰዎች አየ። ቆመ። ከዚያ ሄደ። ዓርብ ጠራኝና፣ ነገ ካኪውን አትልበስ፣ ነጠላህን ልበስ፣ ከበሮም ከአንተ ጋር አይመጣም፣ ገበያው ዳር ከዋርካው ሥር ብቻህን ተቀምጠህ ያንን የሽማግሌዎቹን ተጫወት፣ ክራሩንም በነጠላህ ከልለው አለኝ። ለምን ስለው ሕዝቡ ይጽናና እንጂ አለኝ።

አሁን ወደማልወደው ደረስኩ።

የገጠሩ ሰው ከበሮ ከሰማ እንደሚሸሽ አንቺም ታውቂያለሽ። ኪነት ባለበት ሰፈራ አለ፣ ሩቅ አገር የጫኑትን አይመልሱም ተብሎ፣ ሰዉ ያለችውን ሸጦ በጎን መንገድ ይሾልካል። ይህንን እኔም አውቅ ነበር። ጠዋት ሳልፍ መኪኖቹን ከመጋዘኑ ጀርባ አይቻቸዋለሁ። ስንዴ ይዘው የመጡ ናቸው አሉኝ። ስንዴ የጫነ መኪና ጎማው ይተኛል፤ እነዚያ ባዶ ነበሩ። አላወቅሁም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አንቺን መዋሸት ግን እስከ ዘበኝነቱ ይብቃኝ።

ተቀመጥኩ። ደረደርኩ። መጡ፣ እታለም። ሽሽት የለመዱት ሁሉ፣ በገና ነው፣ የመሪጌታው ልጅ ነው እየተባባሉ መጡ። ወንዶቹ የራሳቸውን ጥምጥም አወረዱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ እንደ ቅዳሴ መሬት ላይ ተቀመጡ። ለሽያጭ ያመጣትን ዶሮ ታቅፎ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ነበር። ከፊት ረድፍ ደግሞ አያ አሻግሬ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ቀና ሲል እኔ መሆኔን አየ። ፊቱ እንዴት እንደበራ ልነግርሽ አልችልም። ጎኑ ያለውን ሰው ጎሸም አድርጎ በአገጩ አሳየው፤ የሚስቴ ወንድም ነው እያለው መሆን አለበት።

ቶሎ ብዬ ጣቴን ማንሳት ነበረብኝ። ሂዱ ማለት ነበረብኝ። አላነሳሁም። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ፣ እንዳታቆም እያለ በጆሮዬ ይናገር ነበር፤ እኔም አላቆምኩም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ታጣቂው ከብቧቸዋል። ጩኸቱን አልጽፈውም። ልጅ ቤት ትቻለሁ የምትል፣ ላሜ ታስራለች የሚል፣ ሁሉም ተገፍቶ መኪና ላይ ወጣ። አያ አሻግሬ እኔንም የያዙኝ መስሎት፣ እየገፉት ወደ ኋላ እየዞረ ይለምንልኝ ነበር። እኔን ውሰዱኝ፣ እሱን ግን ተዉት፣ የመሪጌታ ልጅ ነው፣ በገና ደርዳሪ ነው፣ ምንም አላጠፋም ይላቸዋል። ከመኪናው ላይ ሆኖም አብሽር ወንድሜ ብሎ እጁን አነሳልኝ። እኔ ክራሩን ነጠላዬ ውስጥ እንደሸፈንኩ ነበርኩ።

ወለጋ ነው የሄዱት የሚል አለ፤ መተከል የሚልም አለ። ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስሙንና የአባቱን ስም ለሾፌር ሁሉ እየሰጠሁ ነው፤ አንድ ነገር ከሰማሁ እልክልሻለሁ። ለልጆቹ አባታችሁ ሥራ ሄዷል በያቸው። ጥቂት ስንዴ ብልክ አትቀበዪኝ ይሆናል። ለእነሱ ስትዪ ተቀበዪ፤ እኔን ርገሚኝ፣ ስንዴውን ግን አብስይላቸው።

ደግመህ አትደርድር፣ እምቢ በል ትይኛለሽ። ሞክሬያለሁ። ጣቴ ቆስሏል አልኩት ኃላፊውን። ጣትህ ካመመህ መኪናው ላይ ቦታ አለ አለኝ። ቆዳውን ከአውታሩ ሥር አውጥቼ ድምፁን ላጠፋው ሞከርኩ፤ የኃላፊው ጆሮ ግን ለምዶታል፣ መልሰው አለኝ፣ መለስኩት። አያ አሻግሬ የወጣበት መኪና ላይ ለመውጣት ፈራሁ እታለም። አሁን ደግሞ እየሠለጠንኩ መጥቻለሁ፤ ሳልፈልግ ጣቴ ይበልጥ ታዘዘኝ።

ይህንን ደብዳቤ የያዘልኝ ቢተው የሚባል የጨው ነጋዴ ነው፣ ሰው ነው፣ አትፍሪው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል መቁጠርሽ ዛሬ ጠቀመን፤ ራስሽ አንብቢና ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ነገሩን ግን በቃል ለጎረቤት፣ ለቄሱም፣ ለማኅበርተኛው ሁሉ ንገሪ፤ ከማን ሰማሽ ቢሉሽ ከመንገደኛ በይ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የወግዲ ገበያ ነው። ገበያው ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ብቻውን ተቀምጦ በገና ሲደረድር ብትሰሚ፣ የአባታችን ዜማ ቢመስልሽም፣ እንዳትቀርቢ። ሰው ይጽናናል፣ ጾም ነው ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው። ሸቀጥሽን ጥለሽ፣ ልጆቹን አንጠልጥለሽ ወደ ቆላው ውረጂ። የደርዳሪውን ፊት ለማየት ብለሽ ዘወር እንዳትዪ፤ ብታዪውና የምታውቂው ቢሆን እንኳ ስሙን እንዳትጠሪ። ቀና አይልም። ቀና ካለና ካየሽ ግን ምናልባት ጣቱ ይቆም ይሆናል፤ አላምነውም፣ አንቺም አትመኚው።

የአባታችን አምላክ በደጃችሁ ይቁም። ለልጆቹ እህል፣ ለአንቺ ጉልበት፣ ለአያ አሻግሬ የመመለሻ መንገድ ይስጥልኝ። ለራሴ የምለምነውን አላውቅም፤ አንቺ ታውቂ እንደሆን ለምኚልኝ።

ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ