ጫማ ያደረገው ጃርት

ጂንካ፣ ኅዳር 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ተገኝ
የእርሻው ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ኦሞራቴ

ውድ ተገኝ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ተብዬ ስለተማርኩ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

የማን እጅ ጽሑፍ ነው ብለህ ፖስታውን አታገላብጥ። የእኔ ነው። ጥለኸኝ ስትሄድ ስሜ ተጽፎ ባየው የማላውቀው ሴት ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በመሠረተ ትምህርት ሦስት ዙር ተቀምጬ፣ ሁለቱን ወድቄ፣ በሦስተኛው የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ያስተማረችን ኤልሳቤጥ የምትባል የገዘር ልጅ ናት። ብወልድ ኖሮ ልጄ የምትሆን። «እትዬ ወሰንየለሽ፣ ይሄ ፊደል እግሩ ወደ ውስጥ ነው» እያለች ስታርመኝ ጠመኔውን ልወረውርባት ስንት ጊዜ ቃጥቶኛል። አሁን ግን ይኸው፣ ማንንም ሳልለምን እጽፍልሃለሁ።

ጉልበትህ እንዴት ነው? የቆላው ወባስ? የእርሻው መኪና በመጣ ቁጥር ሾፌሩን ኤርሳዶን እጠይቀዋለሁ። «ደህና ነው፤ ዓሣ መብላት ለምዷል» ይለኛል። እኔ አንድ ቀን ዓሣ ብሠራልህ አፍንጫህን ይዘህ ከቤት የወጣህ ሰውዬ!

ነገሬ ስለ ሳንዱቅህ ነው።

ስትሄድ ልብስህንና መጽሐፍ ቅዱስህን ይዘህ ሳንዱቁን ተውከው። ሰው የሚወደውን ነገር ጥሎ የሚሄደው ወይ በጣም ሲናደድ ነው፣ ወይ ሊመለስ ሲያስብ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳትነግረኝ ሄድክ፤ እኔም አልጠየቅኩህም። መቶ አርባ ሁለቱም የሥዕል ታሪኮችህ አሉ። አንተ ኮሚክ ትላቸው ነበር፤ እኔ የአውሬ ወረቀት ነበር የምላቸው። ብል እንዳይበላቸው በመካከላቸው የምታደርገውን የትንባሆ ቅጠል ክረምት በገባ ቁጥር እቀይራለሁ። አምና ምስጥ የአልጋውን እግርና የበሩን መቃን በልቶብኛል። ሳንዱቁን ግን በጡብ ላይ፣ ጡቡንም በአመድ ላይ አድርጌው ስለነበር አልደረሰበትም። አልጋው ላይ የምተኛው እኔ ብሆንም አመዱን ያፈሰስኩት ለሳንዱቁ ነው።

አንድ ጊዜ ልናጣቸው ነበር። የቀበሌው ጓድ ዳርጌ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ሳንዱቁን አስከፈተኝ። ከላይ የነበረውን አነሣና፣

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጃርት ነው።»

«ጃርት መሆኑንማ አያለሁ። ሸሚዝ ለምን ለበሰ?»

«ብርድ ይዞት ይሆናል። እኔ አላለበስኩት።»

«አትቀልጂ እትዬ። ይሄ የኢምፔሪያሊስት ወረቀት ነው፤ ይቃጠላል።»

ምላሴን ታውቀዋለህ። «ጓድ ዳርጌ፣ ቦርሳውን እየው እንጂ። ፖስተኛ እኮ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ደብዳቤ ሲያድል ነው የሚውለው። ከሱ በላይ ላብ አደር ከየት ታመጣለህ?» አልኩት።

«እስቲ» ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጅራቱን ካቆመው ውሻ ጋር የሚጣላበት ገጽ ላይ ሲደርስ፣ ውሻው ነክሶት አፉ መርፌ ብቻ ሲሆን፣ ጓድ ዳርጌ ቆቡ እስኪወድቅ ሳቀ። ሲወጣ ግን ፊቱን አኮሳትሮ «ሰው ፊት አታውጪው» አለኝ። ቋንቋውን የማያውቅን ሰው እንዲህ የሚያስቅ ሥዕል የሣለ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው አልኩ። ያን ቀን ነው ደፍሬ ማየት የጀመርኩት።

ድሮ «አንድ ዓይነት ሁለት ሁለት ለምን ታስቀምጣለህ፣ ሁለት አፍንጫ አለህ?» እልህ ነበር። አንተም ሳትቆጣ «ወሰን፣ አንድ አይደሉም፤ እያቸው» ትለኝ ነበር። አላየኋቸውም። አሁን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን እዘረጋለሁ። ከርከሮው አውሮፕላን የሚያበርበት አለ አይደል? በአንደኛው ክንፉ ላይ ኮከብ አለ፤ በሁለተኛው በኮከቡ ቦታ የነዳጅ ሻጭ ምልክት። ጥንቸሏ ዳቦ ቤት የምትገባበት በአንደኛው ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ባዶ ነው፤ በሁለተኛው የዳቦ ፋብሪካ ስም ተጽፎበታል። ሌላው ሁሉ፣ የጥንቸሏ ሪባን ሳይቀር፣ አንድ ነው። አንዷን ልዩነት ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። አንተ ያለ መነጽር፣ ያለ አስተማሪ፣ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚሰበስብ አንድ ጓደኛ እንኳ ሳይኖርህ እንዴት አየኸው? የሚስዮኑ ሐኪም አባቱ በልጅነቱ ያጠራቀማቸውን ወረቀት አገሩ ሲመለስ አውሮፕላኑ አልችልም ስላለው ለሚስዮኑ ግምጃ ቤት ጠባቂ ለአንተ ጥሎ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን እሳት ያቀጣጥልበት ነበር። አንተ ግን የእያንዳንዱን ቦታ አወቅክ፤ የጎደለውንም ጭምር። ያላየኸውን ነገር መጉደሉን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የሐኪሙ ሚስት ያለችህን ደጋግመህ ነግረኸኛል፤ የማልሰማ እየመሰልኩ ሰምቼሃለሁ። በላይኛው ጥግ ዋጋ ያለበት ሱቅ የተሸጠ ነው። ጥጉ ባዶ የሆነው ባለሱቅ ለማስታወቂያ ብሎ አሳትሞ ለልጆች በነጻ ያደለው ነው። በነጻ ያገኙትን ልጆች ቀደው ጣሉት። ስለዚህ የሚገኘው በጭንቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝና ይህ አይዋጥልኝም ነበር። በነጻ የተሰጠ ከተሸጠው እንዴት ይበልጣል?

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

የእናቴ ሠልስት ዕለት ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ የፖስታው አውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ተነሣህ። «መጣሁ» አልክ። የአክስቴ ልጅ ገብረወልድ «ሰውዬው ሊሳፈር ነው እንዴ?» ሲል ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላ ሸፈነ። እኔ አልሸፈንኩም፤ የምሸፍነው ሳቅ አልነበረኝም። ስትመለስ ድንኳኑ ፈርሶ፣ አግዳሚው ተጭኖ ነበር። የአንተ ፊት ግን በርቶ ነበር። የሐኪሙ ሚስት ከሄደች በኋላ ፈልጌ እልክልሃለሁ ያለችህ፣ ሁለት ዓመት የጠበቅከው ጃርት ደርሶልህ ነበር። ያው ጃርት፣ ያው ቦርሳ፣ ያው ኮረብታ። በእኛ ላይ ባዶ እግሩን ነው፤ በዚህኛው ቀይ ጫማ አድርጓል፤ ከላይ ጥጉ ባዶ ነው። «ወሰን፣ እይው፣ ጫማውን እይው» አልከኝ። እናቴን አላነሣህልኝም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ገበያ ስትመጣ ሸክሟን እኛ ቤት የምታሳርፈው የገዘሯ አስካል ልጇን ልትድር ሆና ለግድግዳው የሚለጠፍ ወረቀት ፈለገች። ጋዜጣ ሰጠኋት። ከጋዜጣው ጋር ጃርቱንም ሰጠኋት። አንተ ስትፈልገው ስትፈልገው ቆይተህ ስትጠይቀኝ «ምድጃ ውስጥ ነው፤ ጫማውም አላተረፈውም» አልኩህ።  በሦስተኛው ቀን ሄድክ።

እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ «ፊደል አላውቅም ነበር፤ ከጋዜጣ ጋር ተቀላቅሎ ሄደ» እላለሁ። ለኤልሳቤጥም ብያለሁ። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ብያለሁ። ጫማ ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም፣ ተገኝ።

ባለፈው ሳምንት አስካል መጣች። «ወሰን፣ ቤቱን ልናፈርሰው ነው። ልጄ ቆርቆሮ ሊሠራልኝ ነው» አለችኝ።

«ግድግዳውስ?»

«የጭቃ ግድግዳ ምን ይሆናል? ይወድቃላ።»

«ወረቀቱን ማለቴ ነው።»

«ጃርታችንን ነው? እንዴት ሳልነግርሽ አወቅሽ! ልጆቹ እኮ እያለቀሱ ነው።»

ቅዳሜ በጠዋት ገዘር ወጣሁ። አስካል የማያያዣ ሽቦውን አውጥታ፣ ገጽ ገጹን ለያይታ፣ በዱቄት ሙጫ ከአልጋው ራስጌ ጀምራ ለጥፋዋለች። ጋዜጣው በጭስ ጠቁሮ የሚነበብ አልቀረውም። ጃርቱን ግን በየበዓሉ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ኖራለች። ቀይ ጫማው ቀይ እንደሆነ ነው። ልጆቹ በቋንቋቸው በአሪኛ ስም አውጥተውለታል። ከእያንዳንዱ ወረቀት አንዱ ፊት ወደ ግድግዳ ስለሆነ ታሪኩ ግማሽ ነው፤ የተደበቀውን ግማሽ እነሱ ከራሳቸው ሞልተውታል። የልጅ ልጇን፣ ጤናዬን፣ «ጫማ ያደረገው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እሾህ ወግቶት ነው» አለችኝ።

«ጃርትን? እሾህ?»

«የራሱ አይደለም እኮ እማማ! የሌላ ሰው እሾህ ነው!»

ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንተ ወረቀት ሳቅኩ፤ አንተ ልታየኝ አልነበርክም። ከዚያም ሳቄ ሌላ ነገር ሆነብኝና አስካል ውሃ አመጣችልኝ።

እርጥብ ጨርቅ እየለጠፍኩ፣ እስኪርስ እየጠበቅኩ፣ አንተ እንደምታደርገው ጫፍ ጫፉን ብቻ ይዤ፣ ጣቴን ምራቅ ሳላስነካ፣ እስከ ቀትር አላቀቅኩት። ሽፋኑ ከግራ ታችኛው ጥግ በቀር ሙሉ ነው። ባዶው ጥግ፣ ዋጋ የሌለበት፣ ደህና ወጥቷል። ከውስጥ ሰባት ቅጠል ወጣ። የቀረው አንዱ ላይ ጤናዬ ተደገፈችና አልነሣም አለች። ጉልበቷን ታቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ተውኩላት፤ ከነጭቃው ቆርሰው ወደ አዲሱ ቤት ሊወስዱላት ነው። ሰብሳቢ እንዲህ አያደርግም እንደምትል አውቃለሁ። ስብስብህ አሁንም ጎዶሎ ነው፤ ያጎደልኩትም እንደገና እኔ ነኝ።

የቀረውን በሁለት ጣውላ መካከል ጥላ ውስጥ አድርቄ በቦታው አስገብቼዋለሁ። ጭቃና ጭድ የነበረበት ጀርባው ሲጠረግ ስድስት ዓመት የተደበቀው ግማሽ ወጣ። እሾህ አይደለም። የያዘውን ደብዳቤ ለማድረስ ብዙ ኮረብታ ወጥቶ እግሩ አልቆ ነው። አንዲት ባለሱቅ ዶሮ በሯ ላይ ቆማ ታየዋለች። መጀመሪያ ትጮህበታለች፤ ክንፏን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ምንቃሯን ከፍታ። ወዲያው በሚቀጥለው ሥዕል ላይ ጫማው እጁ ላይ ነው። በመካከላቸው ከዶሮዋ አፍ የወጣ ረጅም ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ማንበብ ለመማር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለሌላ ቋንቋ ዕድሜ የለኝም። ያ ሁሉ ጩኸት እንዴት ጫማ እንደሆነ፣ ዶሮዋ ምን እንዳለችው፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ኤልሳቤጥ ላንብብልሽ ብላኝ ነበር። እንቢ አልኳት።

በመኪና አልክልህም። መንገዱ አቧራ ነው፣ የኦሞራቴ ሙቀት ቀለሙን ይበላዋል፣ ኤርሳዶም ጎማ ሲፈታ እጁን የሚጠርግበት እንዳያደርገው እፈራለሁ። ዶሮዋ ያለችውንም ገምተህ በደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ። ደብዳቤ ማንበብ አሁንም ያደክመኛል።

የበሩን መቃን አናጢው ቀይሮልኛል፤ አዲሱ ትንሽ ዝቅ ስላለ ረጅም ሰው ሲገባ ጎንበስ ማለት አለበት። አልጋውም ተጠግኗል።

እግዚአብሔር ከወባና ከወንዙ አዞ ይሰውርህ። ጉልበትህን ያጽናልህ። ዓይንህን ደግሞ እንደነበረ ያቆይልህ፤ እንዳንተ ያለ ዓይን አላየሁም።

ወሰንየለሽ
(በገዛ እጄ)

ለጤናዬ የተውኩላት ገጽ የቱ እንደሆነ ስታይ ትቆጣለህ። ኤርሳዶ ማክሰኞ ከዚያ ሲነሣ ከፊት የአንድ ሰው ቦታ እንዲይዝ ነግሬዋለሁ። ለመቆጣትም ቢሆን።