ሁለት ግራ ጭኖች

ለምወድሽ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ «ደህና» የሚለውን ቃል ብዙ አየሁት። አልሰረዝኩትም።

ስለ ልጅሽ ልጻፍልሽ። ስምንት ሳምንት ተኝቶም ጭኑ አልዳነም። የክለቡ ሐኪም የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ሊያደርግለት ነው፤ መራመዱን ይራመዳል፣ መሮጡን ግን እንጃ ብሎኛል። ልጅሽ እንደሆነ መቀለዱን አልተወም። ትናንት ሳሸው «አጎቴ፣ ይሄን እግር ሽጥና ብስክሌት ግዛልኝ» አለኝ። ሳቅኩ። ጣቴ ግን ጡንቻው ውስጥ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ አግኝቶ እዚያው ቀረ።

እታለም፣ ያ ጎድጓዳ የእሱ አልነበረም።

ከስምንት ሳምንት በፊት፣ ያን ማክሰኞ፣ ልጅሽም ልጄም ከኳስ ልምምድ ግራ ጭናቸውን ይዘው ወጡ። ወጌሻቸው እኔ ነኝ፤ በአልትራሳውንድ ያነሣኋቸውም እኔ። አንዱ ምስል ንጹሕ ነበር። በሌላው፣ ከጉልበቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ የኋላው ጡንቻ ተበጥሷል። ስማቸውን በእጄ ጻፍኩ፤ አቀያየርኩት። የተበጠሰው የልጄ ነበር።

ልጅሽን ሐኪሙ ተበጥሰሃል አለው፤ ተኛ። በአራተኛው ቀን ጭኑ ጠቆረ፤ ከጉልበቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ። ልጄን ደህና ነህ አለው፤ ሮጠ። አያምህም ወይ ስለው «አባዬ፣ ደህና ነህ ተባልኩ እኮ! ካላመመህ ብለህ ልትጣላኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ቆልፌ ሁለቱንም በየተራ እንደገና አነሣኋቸው። ልጄ ጠባሳ እንኳ የለውም። የልጅሽን አዲሱን ምስል በልጄ አሮጌ ምስል ላይ ደርቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ።

ተሳሳትኩ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ስማቸውን የጻፍኩበት ቀለም ሳይደርቅ መቀያየሩን አይቼዋለሁ፣ እታለም። ልጄ በዚያ ሳምንት አዲስ ውል ይፈርም ነበር።

ልጅሽ «ምስሉ ያንተ አይደለም» ቢባል ተነሥቶ የሚሮጥ ይመስለኛል። እንዴት አወቅህ አትበይኝ፤ እጄ ያውቃል። ግን ያ ጎድጓዳ ከእሱ ሲነሣ ወዴት ይሄዳል? ዛሬ ጠዋት ልጄ ልብሱን ሲቀይር ዞር ብሎ «አባዬ፣ እግሬን እኮ እንደ ሰው ዕቃ ታየዋለህ» አለኝ። ቀልዱን ነው። ከዚያ፣ እኔ ምንም ሳልለው፣ እጁን ወደ ጭኑ ኋላ ላከ።

እሁድ የዋንጫ ጨዋታ አለው።

ልጅሽ ከሰው ሁሉ አንቺን ያምናል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፤ ካንቺ አፍ ሲሰማው ይነሣል። ዛሬ ሐሙስ ነው። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ደብዳቤው ሰኞ ይደርሳል አለኝ። ስልኩ አጠገቤ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ አይደል?

ፈጣሪ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ሁለቱንም። ቤትሽ ይሙቅ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ በእኔም አትዘኚ።

ታናሽ ወንድምሽ